«ያስፈታዋል ወይ?» ከማለታችን በፊት

በጎጃም አንድ ሰው ታሰረ ሲባል ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የሚናገር ጠበቃ ማን አለ?» ብሎ ነው። ሙግትን ከበላ ልበልሃ የተማረ አገር ጠበቃን በአንደበቱ ቢመዝን አያስገርምም። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ታናሽ ወንድሜ በእርሻ ድንበር ጠብ ጎረቤቱን በዱላ ፈንክቶ በተያዘ ጊዜ በዚሁ ሚዛን መዝኜ ተሳስቻለሁ።

ደብረ ማርቆስ ላይ መጀመሪያ የያዝነው ጠበቃ መዝገቡን ሳያይ «በሁለት ቀጠሮ አስፈታዋለሁ» አለን። በሬ ሸጠን ግማሹን ክፍያ ሰጠነው። ውልም ደረሰኝም አልጠየቅንም፤ መጠየቁ ሰውየውን መጠርጠር መስሎ ታየን። በሁለተኛው ቀጠሮ አልመጣም፣ ስልኩም አይነሣም ነበር። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ ተጨማሪ ጊዜ ሲጠይቅ የሚቃወም ሰው ስላልነበረ፣ የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንድ ጊዜ ሊፈቀድ ይችላል የሚለው 14 ቀን ሙሉው ተፈቀደ።

ክሱ ከባድ የአካል ጉዳት ሆኖ ከደረሰን በኋላ ሌላ ጠበቃ ዘንድ ሄድን። ይህኛው ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ለአጎታችን ዓይን ፈጽሞ የማይሞላ ሰው ነበር። ከክሱ ጋር የተያያዘውን የወንድሜን ቃል በጣቱ እየተከተለ ሁለት ጊዜ አነበበና ቀና ብሎ አጎቴን «አባቴ፣ መጀመሪያ ያነሣው ማን ነው?» አላቸው። ዝም አልን። ወር ሙሉ ስንሮጥ ወንድሜን ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም! ማረሚያ ቤት ሄዶ ሲጠይቀው ጎረቤቱ አስቀድሞ መጥረቢያ እንዳነሣበት ነገረው። በተያዘ ማታ በሰጠውና አሻራውን ባኖረበት ቃል ላይ ግን የሰፈረው «በዱላ መታሁት» የሚለው ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ልማድ የሚጎዳን። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት እንዳለው፣ የሚሰጠው ቃልም በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል እንዲነገረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። የሥነ ሥርዓት ሕጉም ታሳሪው ጠበቃውን ወዲያው እንዲያገኝ ይፈቅዳል። እኛ ግን እነዚያን የመጀመሪያ ቀናት ሽማግሌ በመላክ አሳለፍናቸው። ሽምግልናው ክፉ ነበር አልልም፤ ካሳው ተከፍሎ ደሙ መድረቁ በኋላ ለቅጣት ማቅለያ ረድቶናል። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ክስ ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ስለሆነ ተበዳዩ ይቅር ቢልም መዝገቡ አይዘጋም፤ ይህን የነገረን ደግሞ ያው ሁለተኛው ጠበቃ ነው።

እርሱ «በነጻ ይለቀቃል አልላችሁም» ብሎ ነው የጀመረው። ክፍያው ለየትኛው ደረጃ እንደሆነ፣ ይግባኝ ቢኖር ለብቻው እንደሚታሰብ በውሉ ጽፎ አነበበልን። አጎቴ «ይህስ ገና ሳይጀምር ተሸንፏል» ብለው ተቆጥተው ነበር። መክፈል ለማይችል ሰው ሕገ መንግሥቱ ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ሲሆን መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ይላል፤ ሆኖም የፍርድ ቤቱ ተከላካይ ጠበቃ ከተከሳሹ ጋር የሚገናኘው ብዙ ጊዜ ቃሉ ከተሰጠ በኋላ ስለሆነ፣ ነጻው አገልግሎት ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ካልወረደ ለድኻው ግማሽ ጥቅም ብቻ ነው የሚሰጠው ብዬ አምናለሁ።

ፍርድ ቤቱ «ይከላከል» ብሎ ብይን ሲሰጥ ጠበቃው ሁለት ምስክር አቀረበ፤ አንድ እረኛና ከወንዝ ውኃ ቀድታ ስትመለስ የነበረች ሴት። ሁለቱም ከመንደራችን ናቸው፤ ማንም ስላልጠየቃቸው እንጂ ያዩትን ደብቀው አልነበረም። ዳኞቹ ወንድሜ ራሱን ሲከላከል ከልክ አልፏል ብለው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 79 ቅጣቱን አቀለሉለት፤ የታሰረበትም ጊዜ ታሰበለት። ዛሬ እርሻው ላይ ነው። አጎቴም የመንደር ሰው ተያዘ ብሎ የሚሮጥ ሲመጣባቸው ሌላውን ወሬ አቋርጠው «ቃል ሰጥቷል ወይስ ገና ነው?» ይላሉ።