ማን እያባረረህ ነው?

አሜሪካ ውስጥ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቀርፋፋ መሆን አይፈቀድም። የሩጫ ክለባችን አባላት አገሬን የሰሙ ዕለት ከፊት እንድቆም መንገድ ለቀቁልኝ። ብዙም ሳንርቅ አንዲት ጡረተኛ መምህርት አልፋኝ ስትሄድ ዘወር ብላ ያየችኝ አስተያየት እስካሁን ያንገበግበኛል። ቀነኒሳ በቀለ በ41 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የለንደን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ጨርሷል። እኔም ያለሁት በዚያው የዕድሜ ክልል ነው፤ የምመኘው ሰዓት ከእሱ የሚዘገየው በአንድ ሰዓት ብቻ ነው። እሱም ገና ምኞት ነው።

ምኞቱ ቦስተን ነው። የቦስተን ማራቶን ከ40 እስከ 44 ዓመት ላለ ወንድ ለ2026ቱ ውድድር የቆረጠው የመግቢያ ሰዓት 3 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ነበር፤ እያንዳንዱን ኪሎሜትር በ4 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ፣ እስከ መጨረሻው። ይህም ሁልጊዜ አይበቃም፤ አመልካች ሲበዛ ቅድሚያው ለፈጣኑ ነው። ለ2025ቱ ከተቆረጠለት ሰዓት 6 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ያልቀነሰ ሁሉ ደጅ ቀርቷል። ለ80 ዓመት አዛውንት እንኳ ሰዓት ተቆርጦላቸዋል፦ 4 ሰዓት ከ50 ደቂቃ። ክለባችን ውስጥ የጥርስ ሐኪሙም የጭነት መኪና ሾፌሩም የሚያሳድደውን ሰዓት ያለ እፍረት ይናገራል፤ «ለምን?» የሚለው የለም።

ድሬዳዋ ገብቼ ልምምዴን ልቀጥል ስል ግን ጥያቄው ሁሉ «ለምን» ሆነ። ማለዳ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ስሮጥ አንድ ባጃጅ ፍጥነቱን ቀንሶ ከጎኔ ተለጠፈ።

«አቦ፣ ማን እያባረረህ ነው?»

«ማንም።»

«ግባ ታዲያ፣ ላድርስህ።»

የምሄደው ተመልሼ ወደ ተነሣሁበት መሆኑን ስነግረው ከልቡ አዘነልኝ፤ ጭሱን ትቶልኝ ሄደ። ደግሞ ሙቀቱ! ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ድሬ የበቆጂን ስስ አየር አትሰጥም፤ ፀሐይዋ ግን ገና በጠዋቱ ላብ ታስከፍላለች። ወደ ደንገጎ ሽቅብ ልውጣ ብል ከባድ መኪናው እግር ማሳረፊያ አይተውም።

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ወዲህ ሩጫ የእኛ ነው እንላለን። የእኛ ስንል የሻምፒዮኖቹና የተመልካቹ ማለታችን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ታላቁ ሩጫ የአዲስ አበባን ሕዝብ አስፋልት ላይ አውጥቷል፤ ደስ የሚል ነገር ነው፣ ግን ከኋላ ያለው ሕዝብ እየጨፈረ የሚሄድ ነው። ሜዳልያ እንደማያገኝ እያወቀ አንዲት ደቂቃ ለመቀነስ ወራት የሚለፋ ጎልማሳ የት ይግባ? ከቻልክ አሸንፍ፣ ካልቻልክ አርፈህ ተቀመጥ ነው ነገሩ።

አክስቴ ደግሞ ምርመራዋን ጨርሳ ጠበቀችኝ። «ስኳር ነው ወይስ ደም ግፊት? ከእኔ አትደብቅ።» ጤነኛ መሆኔን፣ ለማራቶን እየተዘጋጀሁ መሆኔን አስረዳኋት።

«ስንት ይከፍሉሃል?»

«እኔ ነኝ የምከፍለው።»

የያዘችውን ሻይ አስቀመጠች። ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ሁሉ «አላህ ያሽርህ»፣ «እግዜር ይማርህ» እያለ ግቢውን ሞላው፤ አንደኛዋ የተፈጨ አብሽ በብርጭቆ ይዛ መጥታለች። ስለ ቦስተን፣ ስለ ዕድሜ ክልሉ፣ ስለ ሰከንዶቹ ላስረዳቸው ስጀምር አክስቴ አቋረጠችኝ።

«ብዙ አታስለፍልፉት፣ ይደክመዋል» አለቻቸው።