ሐምሌ፣ የመካሪዎች ወር

ትናንት ጠዋት አንድ ሰውዬ ዝናብ እያባረረው ኮፒ ቤቴ ገባ። ከኮቱ ውስጥ አንድ ወረቀት አወጣና «ሁለት ኮፒ» አለኝ። ማሽኑ እስኪሞቅ መደርደሪያዬን፣ ጣሪያዬን፣ ጫማዬን ሳይቀር ቃኘ። ከዚያ «ግብር ከፈልክ?» አለኝ። ስሜን አያውቅም። ሰላምታ እንኳን አልተለዋወጥንም።

«ገና ነኝ» አልኩት። ስህተቴ ይቺ ናት።

«ስማ ልምከርህ። ንግድ ፈቃዱን በሚስትህ ስም አዙረው።»

«ሚስት የለኝም።»

«በእናትህ ስም።»

እናቴ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ኮፒ ማሽን ሲያዩ ያማትባሉ።

አስራ አንዱን ወር ሙሉ ሱቄ ይኑር ይሙት የሚጠይቀኝ የለም። ወረቀት ሲወደድ የት ነበራችሁ? መብራት ጠፍቶ ሳምንት ሙሉ እንደ ዘበኛ በር ላይ ስቀመጥ የት ነበራችሁ? ሐምሌ ሲገባ ግን አገሩ ሁሉ ሒሳብ አዋቂ ይሆናል። ጸጉር አስተካካዬ ምላጩን ጉሮሮዬ ላይ ይዞ «ኪሳራ አስመዝግብ» ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ልቅሶ ቤት ንፍሮ እየዘገንን፣ አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት «ነፍስ ይማር» ካሉ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «የደረሰኝ ማሽን አስገብተሃል እንዴ?» አሉኝ። የሞተው ሰው ዕድለኛ ነው አልኩ በልቤ። እሱን የሚመክረው የለም።

እናቴ «ምክርና ቡጢ ለሰጪው ቀላል ነው» ማለት ይወዳሉ። እኔም እወደዋለሁ። ግን ሳስበው ቡጢ ይሻላል። ቡጢ ቶሎ ያልቃል። የመታህን ሰውም ፖሊስ ጣቢያ ትወስደዋለህ። ምክር የመታህን ሰው ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ብለህ ቡና ትጋብዘዋለህ። ቅጣቱ ሲመጣ ደግሞ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም።

ይሄን የምለው በደረሰብኝ ነው። በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት የወጣ ጊዜ ደረጃ «ሐ» ነበርኩ። በዓመት ከ500 ሺህ ብር በታች የምናንቀሳቅስ፣ መዝገብ የማንይዝ፣ በግምት የምንገብር ሚስኪኖች ማለት ነው። ገማቾቹ ይመጣሉ ሲባል የሰፈሩ መካሪ በሙሉ ተረባረበብኝ። ወረቀቱን ግማሹን ቤት ወሰድኩ። ሁለተኛውን ማሽን ነጠላ አለበስኩት። ክርኑ የተቀደደ ሹራብ ለበስኩ። ገማቾቹ ገብተው፣ ግራ ቀኙን አይተው፣ አዝነውልኝ ሊወጡ ሲሉ የእህቴ ባል ከች አለ። እንደ ልማዱ በነፃ ኮፒ ሊያደርግ ነው የመጣው። ሰዎቹን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ሲያይ ከባንክ ለብድር የመጡ መሰሉት። ሊረዳኝ ፈለገ።

«ይሄ ቤት እኮ ሰልፍ ነው!» አላቸው። «የፈተና ሰሞንማ በር ተዘግቶ ነው የሚሠራው!» ነጠላውን ገፈፈና ሁለተኛውን ማሽን አሳያቸው።

አንደኛው ገማች ፈገግ ብሎ ጻፈ። ያኔ ያቺ የቀን ቁጥር በዓመቱ የሥራ ቀናት ትባዛ ነበር፤ ከዚያ ላይ ለዘርፉ የተመደበው የትርፍ ህዳግ ይሰላና ግብሩ ይመጣ ነበር። የእህቴ ባል ሁለት ዓረፍተ ነገር አብራ ተባዛች። «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ማረጃዋን ካራ» ይባላል። የኔን ካራ የጫረችው የሰው ዶሮ ናት። እስከ ዛሬ «ለጥቅምህ ብዬ ነው» ይላል። እስከ ዛሬም በነፃ ኮፒ ያደርጋል።

ቃሉም ቢሆን ተንኮለኛ ነው። ድሮ «ግብር ገባሁ» ያለ ሰው ጥሬ ሥጋ ቆርጦ፣ ጠጅ ጠጥቶ ነው የሚወጣው። ዳግማዊ ምኒልክ ግቢያቸው ውስጥ ያን ትልቅ አዳራሽ ያሠሩት ግብር ሊያበሉበት ነው። ገበሬው ይገብራል፣ መኳንንቱ ግብር ይገባል። አንድ ቃል፣ ሁለት በር። እኔ የደረሰኝ የትኛው በር እንደሆነ መቼም አይጠፋችሁም። ሥጋም የለ፣ ጠጅም የለ፣ ወረፋ ብቻ።

አያቴ የሞጣ ሰው ነበሩ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅና መሬታችን በቀላድ ሊለካ ነው ሲባል ጎጃም እንዴት እንደተነሣ ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራ ነበር። ግብር ጠሉ ማለት ግን አይደለም። የመሬት ግብር የከፈሉበትን ደረሰኝ ሁሉ በላስቲክ ጠቅልለው በቆርቆሮ ሣጥን ያስቀምጡ ነበር። ድንበር የሚገፋ ጎረቤት ሲመጣ ሣጥኑ ይከፈታል። ርስታቸው ያቺ ብጫቂ ወረቀት ናት። የልጅ ልጃቸው ግን ከተማ ገብቶ በቀን ስንት ጊዜ «ያለ ደረሰኝ ከሆነስ ስንት ነው?» እንደሚባል ባዩ! ታክሷን ሸሽቶ ወረቀቷን እንደ እሳት የሚፈራ ሰው፣ ዕቃው ሲበላሽበት ግን ሮጦ እኔ ጋ ይመጣል። በምን ልመልስልህ ወንድሜ? ደረሰኝህ የታል?

ከምሬ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። መምከር ያለበት ሰው አይመክርም። በ2017 ሕጉ ተሻሻለ፤ ሦስቱ ደረጃዎች ሁለት ሆኑ፤ መለያው 2 ሚሊዮን ብር ሆነ፤ የኔ «ሐ» ሄደች። ይሄን የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ነው፣ ከረዳት። እኔስ የት ወደቅኩ ብዬ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ልጅቷ ከስልኳ ቀና ሳትል «ተለጥፏል» አለችኝ። የተለጠፈው መስታወት ውስጥ ነው፤ መስታወቱ ላይ ደግሞ የዕጣ ማስታወቂያ ተለጥፎበታል። ሕጉን በዕጣው ዳርና ዳር አነበብኩ። እንግዲህ እዚያ ቤት ዝም ከተባልክ ምን ታደርጋለህ? ጸጉር አስተካካይህን ትሰማለህ። ምላጭ የያዘው እሱ ነው።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ሰውዬው። በእናቴ ስም ካለኝ በኋላ በእህቴ ስም አለ፤ እህቴ ማንን እንዳገባች ስለማያውቅ አልፈርድበትም። ሩብ ሰዓት ያህል መከረኝ። ዝናቡ ሲያባራ ሁለቱን ኮፒ ከእጄ ወሰደና «በርታ!» ብሎኝ ወጣ።

ኦሪጅናሉን ማሽኑ ላይ ረስቶታል። የኮፒውንም አልከፈለም።