ጀርባው አይሰማም

ጊታር በጣት እመታለሁ። ያለ ፒክ፣ ያለ ዘፋኝ፣ ያለ ድራም። አውራ ጣት ባሱን ይይዛል፣ ሦስቱ ጣቶች ዜማውን ይለቅማሉ። ትንሿ ጣት ሥራ የላትም። እንደ ኮሚቴ አባል ዝም ብላ ትቀመጣለች። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ስትሰማኝ ትቆይና «መቼ ነው የሚጀመረው?» ትላለች። የምጫወተው ሁሉ ማሟሟቂያ ይመስላታል።

አምና አንድ ትዝታ ቤቴ ልቅረጽ ብዬ ተነሣሁ። ቤቴ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ነው። ጣጣው ከዚህ ይጀምራል።

መጀመሪያ በስልክ ሞከርኩ። ስልክ የተሠራው ለወሬ ነው። ድምፅ ሲያንስበት ራሱ ይጨምራል፣ ሲበዛበት ራሱ ይቀንሳል። በጣት የሚመታ ጊታር ደግሞ ነፍሱ ያለችው እዚያው መጨመርና መቀነሱ ላይ ነው። ቀስ ብዬ የነካሁትንም አጥብቄ የመታሁትንም እኩል አድርጎ መለሰልኝ። እንደ ቀበሌ ስኳር።

ቀጥሎ ሰርግ ቤት የሚጫወት ጓደኛዬ ዳይናሚክ ማይክ አዋሰኝ። ሹር ኤስኤም 57። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ፣ ቢወድቅ የማይሰበር፣ ቢረገጥ የማይከፋው ማይክ ነው። ሆዱ ውስጥ ማግኔትና ጥቅል ሽቦ አለ። ሽቦውን ለማንቀሳቀስ ድምፁ ጉልበት ይፈልጋል። ስለዚህ በከበሮና በጩኸት ፊት ጀግና ነው። በጣት ጫፍ ለሚነካ ክር ግን ደንታ የለውም። አንድ ነገር እንዲሰማልኝ ጌይኑን፣ የማይኩን ድምፅ ማጉያ ቁልፍ፣ ጥግ ድረስ አዞርኩት። ጊታሩ መጣ። ከኋላው ሽሽሽ የሚል ነገርም ተከትሎት መጣ። ትዝታዬ በሐምሌ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀረጸ መሰለ። ለጓደኛዬ ላክሁለት። «ዝናቧን የጨመርክባት ነገር አሪፍ ናት» አለኝ።

ከዚያ አማካሪ በዛ። አንዱ «ኮንደንሰር የሚባለውን ማይክ ግዛ» አለ። ሌላው «ሁለት ግዛ፣ ስቴሪዮ ካልሆነ ምኑን ቀረጽከው?» አለ። ሦስተኛው «ሪበን የመሰለ የለም» አለ። ሪበን ማይክ በዓይኑ አይቶ እንደማያውቅ አውቃለሁ። እኔም አላየሁም። ግን ሁለታችንም ራሳችንን ነቀነቅን።

በመጨረሻ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአክስቴ ልጅ ጋ ደወልኩ። ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ሁለት ሻንጣ አለው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። በዚያ 46 ኪሎ ላይ የዘመድ ሁሉ ዓይን አለበት። የእኔ ማይክ ከቫይታሚን፣ ከሙሽራ ጫማና ከአጎቴ የደም ግፊት መለኪያ ጋር ተጋፍቶ ገባ።

የትኛው ማይክ የሚለው ላይ ሁለት ሳምንት ተጨቃጭቀናል። ኮንደንሰር መሆኑ ቁርጥ ነበር። በውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ጥፍር ክር ሲነካ እንኳ ይርገበገባል። እስክሪብቶ የሚመስለው ቀጭኑ ኮንደንሰር የጣትን ንክኪ ጥርት አድርጎ ይይዛል፣ ለጊታር የሚመርጡት ብዙ ናቸው። እኔ ግን የምመታው በዝግታ ነው። ለዝግታ ደግሞ ወሳኙ የማይኩ የራሱ ሹክሹክታ ነው። ማንም ባይናገርም እያንዳንዱ ማይክ ለራሱ ትንሽ ያንሾካሹካል። ሽፋናቸው ሰፊ የሆኑት በዚህ በኩል ጨዋ ናቸው። ሮድ ኤንቲ1-ኤ ሹክሹክታው 5 ዴሲቤል ብቻ ነው። እሱን አስመጣሁ።

ኮንደንሰር ያለ ኤሌክትሪክ አይሰማም። በገመዱ በኩል 48 ቮልት ይላክለታል። ይቺ 48 የመጣችው ከኖርዌይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የጀርመኑ ማይክ ሠሪ ኖይማን ለኖርዌይ ሬዲዮ ማይክ ሊያቀርብ ሄደ። ኖርዌይ በክረምት ጨለማ ስለሆነ ስቱዲዮዎቹ በ48 ቮልት የሚሠራ የመጠባበቂያ መብራት ነበራቸው። ማይኩም ከዚያው ይጠጣ ተባለ፣ በዚያው ቀረ። ጨለማው እኛም ጋ አለ። የጎደለን መጠባበቂያው ነው። ሁለቱ ቆንጆ ቅጂዎቼ እኩሌታቸው ላይ መብራት ሄዶባቸዋል።

እንግዲህ ማይኩን ተከልኩ። ከጊታሩ ቀዳዳ ፊት ለፊት ሲያስቀምጡት ባሱ እምምም እያለ ሌላውን ይውጠዋል። አንገቱ ላይ 12ኛው ፍሬት፣ ማለትም 12ኛዋ የብረት መስመር አካባቢ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ሲል ደህና ነው። ፍራሹን ግድግዳ ላይ አቆምኩ። ጋቢ ሰቀልኩ። ተጫወትኩ። ሄድፎን አድርጌ አዳመጥኩ።

መጀመሪያ የሰማሁት ቡና ሲወቀጥ ነው። የታችኛዋ እትዬ። ቀጥሎ «ቆራሌው!» ከዚያ ሮቶው ውስጥ የሚንጠባጠብ ውሃ። ከዚያ አንድ የሚያቃስት ሰው። እሱ እኔው ነኝ። ስጫወት እንደማቃስት እስከዚያ ቀን ማንም አልነገረኝም። አንዱ ክርም ዝዝዝ ይላል። በገና ቢሆን ይሄ ጸጋ ነበር። በገና ላይ ንዝረቱ እንዲመጣ ሆን ብለው ከክሩ ሥር ቆዳ ይሸጉጣሉ። ጊታር ላይ ግን ጥፋት ነው።

እትዬ ቡና ይዘውልኝ ሲመጡ ሄድፎኑን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው።

«ይሄ የኔ ሙቀጫ ነው?»

«አዎ እትዬ።»

«በወለሉ አልፎ?»

«በወለሉ አልፎ።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ሌላስ ምን ሰምቷል?»

የኔ ስህተት እዚህ ጋ ነው። ሳቅሁ።

በማግስቱ ብሎኩ ሁሉ፣ ሁለተኛ ፎቅ ያለው ልጅ ግድግዳ የሚበሳ መስሚያ ከአሜሪካ እንዳስመጣ አወቀ። በሦስተኛው ቀን መስሚያው ስልክም ይጠልፍ ጀመር። ደረጃ ላይ ብቅ ስል ወሬ ይቆረጣል፣ ስለ አየሩ ይጀመራል። በየማታው ሲጨቃጨቁ የኖሩት የጎን ጎረቤቶቼ ድምፃቸው ጠፋ። በጽሑፍ ሳይጨቃጨቁ አይቀሩም፤ ማይኩ ሁለት ስልክ በየተራ ሲንቀጠቀጥ ይይዛል። ልክ ከላዬ የሚኖሩት የኮሚቴው ሊቀመንበር ደግሞ በሁለት እጅ ይጨብጡኝ ጀመር። ለውሃ ፓምፕ መዋጮ ከሰበሰቡ ስድስት ወር አልፏቸዋል። ፓምፑ የለም።

ፍራሽና ጋቢ ያላመጡትን ጸጥታ ሐሜት አመጣው። በዚያ ሳምንት ትዝታውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀረጽኩ። ከማቃሰቴ በቀር እንከን የለውም።

ቅዳሜ ማታ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው። ገብተው በሩን ራሳቸው ዘጉት።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር በሁሉም በኩል ነው የሚሰማው?»

አስረዳኋቸው። ይሄኛው ካርዲዮይድ ነው፣ የአሰማሙ ቅርጽ ልብ ይመስላል። ፊቱ በደንብ ይሰማል፣ ጎኑ በመጠኑ። ጀርባው ግን አይሰማም ማለት ይቻላል።

«ጀርባው አይሰማም?»

«ብዙም አይሰማም።»

ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንግዲያውስ ጀርባውን ለኔ ስጥና፣ ፊቱን ወደ ሊቀመንበሩ አዙርልኝ።»

ማይኩን ጋደም አድርጌ ወደ ላይ አዞርኩላቸው። ምን ላድርግ፣ ቡናቸው ጥሩ ነው።