ከ«ወንድ አንድ ሰው» ውጭ የቀሩት

«መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አላውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።»

ይህን ግጥም ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ ብዙ የለም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲገባ አጼ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ሽጉጣቸውን ጠጡ። ሕዝቡም በሁለት ስንኝ ከተራ ሰው በላይ አደረጋቸው።

እኔም ግጥሙን እወደዋለሁ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ ግን ሁሌም ይከብደኛል። እውነት የሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው?

ቴዎድሮስ ከመሞታቸው ሦስት ቀን በፊት፣ በስቅለት ዕለት፣ መቅደላ አጠገብ አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ ወደ 700 የሚጠጉ የንጉሡ ወታደሮች ረግፈዋል። ፊታውራሪ ገብርዬ ከፊት ሆነው እየመሩ ወርደው እዚያው ቀሩ። ከእንግሊዝ በኩል የሞቱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከውጊያው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ደግሞ ንጉሡ በርካታ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን ገደል አስወርውረዋል። እስረኞቹ ዳቦና ውሃ ስጡን ብለው ጮኸው ነበር። ግጥሙ የሰማው ጩኸት የእነሱን አይደለም።

ግጥሙ ዋሸ አልልም። ሙሾ ለሟች ነው፤ ሟች አይከሰስበትም። የሚያሳስበኝ ሙሾው ታሪክ ሆኖ ሲቀር ነው። መጽሐፍ ቢሳሳት ጸሐፊው ይጠየቃል። የቃል ግጥም ማንን ይጠይቁታል? ቤት ስለሚመታ አይረሳም፤ ከልጅነት ጀምሮ ስለምንለውም አንመረምረውም። የፈረስ ስምም እንደዚያው ነው። የቴዎድሮስ የፈረስ ስም «አባ ታጠቅ» ሲባል ደም ይሞቃል፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ያቃጠሉት እሳቸው መሆናቸው ትዝ አይለንም። የደቡብ አፍሪካ ዙሉዎች ለንጉሣቸው ለሻካ፣ የምዕራብ አፍሪካ ማንዴዎች ለንጉሣቸው ለሱንዲያታ ያወጡት ውዳሴም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ነገሩን ዛሬ የማነሳው በምክንያት ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ሁሉም ወገን ለየራሱ መሪ ዘፈነ፣ ፎከረ። ቴዎድሮስ የመቅደላውን ግጥም አልሰሙትም። የዛሬ መሪ ግን ጦርነቱ ሳያልቅ ሙገሳውን ስልኩ ላይ ያገኘዋል። ልጇ ሄዶ የቀረባት እናትም እዚያው ስልክ ላይ ትሰማዋለች፤ የልጇ ስም ግን የለበትም።

ግጥም የምታወጡ ሰዎች፣ ችሎታው በእጃችሁ ነው። አዝማሪ ድሮም ጌታውን እያሞገሰ በቅኔ ይወጋው ነበር። የመሪውን ስም ስትጠሩ አብሮት ዘምቶ የቀረውን የገበሬ ልጅም በስሙ ጥሩት። ገብርዬን ጨምሩ። ገደል የተወረወሩትንም ጨምሩ።