ባለቤት ያለው፣ ቤት የሌለው

በአማርኛ «ባለቤት» ስንል የንብረትን ጌታም፣ የትዳር ጓደኛንም፣ ቃሉን ስንፈታው ደግሞ ቤት ያለውን ሰው ማለታችን ነው። ሦስቱ ትርጉሞች ምን ያህል ሊጣሉ እንደሚችሉ ማየት የሚሻ ሰው የአሪዞና ካዮቲስን፣ የዚያን በአሜሪካ በረሃ የኖረ የበረዶ ላይ ሆኪ ቡድን ታሪክ ቢሰማ አይቆጨውም።

ቡድኑ የተወለደው በረዶ በነጻ ከሰማይ በሚወርድባት በካናዳዋ ዊኒፔግ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ጓዙን ጠቅልሎ በረዶ በኤሌክትሪክ ወደሚጋገርባት ወደ አሪዞናዋ ፊኒክስ ተሻገረ። የተጠጋበት አዳራሽ ለቅርጫት ኳስ የተሠራ ስለነበረ ከብዙ ወንበሮች ላይ አንደኛው ጎል በቅጡ አይታይም ነበር፤ ከፍሎ የገባው ተመልካች፣ ድንኳን ጥግ ተቀምጦ የሙሽሮቹን መግባት በእልልታ ብቻ እንደሚያውቅ የሠርግ እንግዳ፣ ጎል መቆጠሩን የሚረዳው ማዶ ያሉት ሲጮኹ ነበር።

ቀጥሎ ወደ ጎረቤቷ ከተማ ወደ ግሌንዴል ሄደ፤ በ2009ም ባለቤቱ ኪሳራ አወጁ። በብላክቤሪ ስልክ የከበሩት ካናዳዊው ጂም ባልሲሊ 212.5 ሚሊዮን ዶላር ይዘው፣ «ወደ ካናዳዋ ሃሚልተን ልውሰደው» ብለው ቢመጡም፣ ቡድኑ የሚጫወትበት የሰሜን አሜሪካ ሆኪ ሊግ (NHL) ልጅ የምድረው እኔ ነኝ ብሎ ተሟገተ። ዳኛው የባልሲሊን ጥያቄ ውድቅ አደረጉ፤ በመጨረሻም ሊጉ ራሱ ቡድኑን በ140 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ለሽምግልና የሄደው ሰው ሙሽራይቱን ይዞ ገባ ማለት ነው። ከዚህም የሚብሰው፣ ቡድኑ እንዳይሄድባት የሰጋችው የግሌንዴል ከተማ ለሊጉ ኪሳራ መሸፈኛ ሁለት ጊዜ 25 ሚሊዮን ዶላር መክፈሏ ነው። እኔ በተከራይነት ዘመኔ፣ በየዓመቱ ኪራይ የሚጨምርብኝ እንጂ እባክህ አትውጣ ብሎ የሚከፍለኝ አከራይ አልገጠመኝም።

ፍቅሩ ግን አለቀ። በ2021 ከተማይቱ ባልተከፈለ ዕዳ ምክንያት አዳራሹን ልትቆልፍባቸው ዛተች፤ ውሉንም አላድስም አለች። ቡድኑ በቀጣዩ ዓመት አምስት ሺህ ሰው እንኳ በማይይዝ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ተጠግቶ፣ ቴምፔ በምትባለው ከተማ በቀድሞ የቆሻሻ መጣያ ላይ ቤት ልሥራ ብሎ ለመነ። ነዋሪው በ2023 ድምፅ ሰጥቶ አይሆንም አለ። ቆሻሻው ይሻለናል ማለታቸው እንደሆነ ደጋፊዎቹ ሳይገባቸው አልቀረም።

በሚያዝያ 2024 በዚያች ጠባብ አዳራሽ የካናዳውን ቡድን ኤድመንተንን 5 ለ 2 አሸንፈው ተሰነባበቱ፤ ተጫዋቾቹም በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ወደ ሌላ የአሜሪካ ግዛት፣ ወደ ዩታዋ ሶልት ሌክ ሲቲ ተጓዙ። ከሊጉ በኋላ በእጅ አዙር የቡድኑ ጌታ የሆኑት አሌክስ ሜሩዌሎ ግን ስሙንና ዓርማውን ይዘው፣ በአምስት ዓመት ውስጥ አዳራሽ ከሠሩ ቡድኑን እንደገና ሊያስነሡ ተስማምተው ቀሩ። ተጫዋች የለ፣ አዳራሽ የለ፣ በረዶም የለ፤ ባለቤት ግን ነበረ። በሰኔ ወር ሊገዙት ያሰቡት መሬት ጨረታ ሲሰረዝ፣ ያንኑ ባለቤትነትም ተዉት።