ፎርማት አርገው!

ኮምፒውተሬ አፕዴት አልጭን ብሎኛል ነው ያልኩት፣ ሌላ ምንም አላልኩም። አንድ ወዳጄ ስክሪኑን ሳያይ፣ ምን ኤረር አመጣ ብሎ ሳይጠይቅ፣ ከስልኩ ላይ እንኳ ቀና ሳይል «ፎርማት አርገው» አለኝ፣ ያለውን ሁሉ ጠርገህ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫነው ማለቱ ነው። አባባሉ ደግሞ! ሲያጠናው የከረመ ነው የሚመስለው።

ይቺ መድኃኒት እኮ የማትታዘዝበት በሽታ የለም። ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈ? ፎርማት። ድምፅ ጠፋ? ፎርማት። ፕሪንተሩን አላገኘውም አለ? ፎርማት፣ ፕሪንተሩ ግን ከነጭራሹ ተሰክቷል ወይ ብሎ የሚያይ የለም። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ኮምፒውተር ላይ አያቆምም፣ ልብ በሉልኝ። ከአለቃዬ ጋር አልተግባባንም ስትሉት «ልቀቅላቸው» ነው፣ ከሚስቴ ጋር ተኮራርፈናል ስትሉት «ፍታት» ነው፣ እሱ ራሱ ግን ያንን ስንት ዓመት ሲያማርረው የኖረውን መስሪያ ቤት አልለቀቀም፣ የሚለቅም አይመስለኝም። እስቲ የራሱን ላፕቶፕ ፎርማት እናርገው በሉት! ዴስክቶፑ ላይ «አዲስ ፎልደር»፣ «አዲስ ፎልደር 2»፣ «የመጨረሻው»፣ «የመጨረሻው የእውነት» እያለ የከመረውን ጉድ አንድ ሰው ሲነካበት ማየት ነበር። የሰው ፋይል ሲሆን እጁ ይፈታል።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» የምትለዋን ተረት እንደው ነፍሴ ነው የሚወዳት፣ ከተረት ሁሉ አስበልጣታለሁ፣ ስንቱ ቦታ ትገባለች መሰላችሁ። እዚህም ገባች። ዊንዶውስ የሚያወርዳቸውን አፕዴቶች ሶፍትዌር ዲስትሪቢዩሽን የሚባል ፎልደር ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። እያወረደ ኔትወርክ ከተቋረጠ ወይ ኮምፒውተሩ መሀል ላይ ድርግም ካለ እዛ ውስጥ ያለው ነገር ሊበላሽ ይችላል፣ ከዛ ያንኑ የተበላሸ ነገር እያነሳ ልጫን ይላል፣ አይጫንም፣ እንደገና ያነሳል። የአፕዴት ሰርቪሱን፣ ከጀርባ ሆኖ አፕዴት የሚያወርደውን ፕሮግራም ማለቴ ነው፣ አቁሞ የፎልደሩን ሆድ ዕቃ ማጥፋትና ሰርቪሱን መልሶ ማስነሳት ነው፣ አዲስ ያወርዳል። አንዳንዴ ጥፋቱ እዛ ላይሆን ይችላል፣ የሲስተሙ ፋይሎች ራሳቸው ተጎድተው ከሆነ መጀመሪያ ዲዝም፣ ቀጥሎ ኤስኤፍሲ የሚባሉት ኮማንዶች፣ ተፅፈው የሚሰጡ ትዕዛዞች፣ አሉ፣ ጠጋኞች ናቸው። ታዲያ በዚህ ሁሉ መሀል የልጆቼ ፎቶ ምን አጠፋ? ያልጨረስኩት ሪፖርት ምን በደለ?

አይ፣ መካሪው ብቻውንም አይደለም ጥፋተኛው፣ ኤረር የሚፅፉት ሰዎችም አሉበት። «የሆነ ችግር ተፈጥሯል»! አመሰግናለሁ፣ ችግር ባይኖር ምን አስቀመጠኝ እዚህ? በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2024 ለዊንዶውስ 10 የወጣ አንድ አፕዴት ነበር፣ ብዙ ሰው ላይ ዜሮ ኤክስ 80070643 እያለ እምቢ አለ። ቁጥሩ ሲፈታ ሲጫን ከባድ ስህተት አጋጠመ ከማለት የዘለለ የለውም። እውነተኛው ጉዳይ ምን ነበር? የሪከቨሪ ፓርቲሽኑ፣ ዊንዶውስ ሲበላሽ መጠገኛው የሚቀመጥበት የዲስኩ ክፍል፣ ጠቦ ነው፣ 250 ሜጋባይት ነፃ ቦታ ነው የፈለገው። «ጠበበኝ» ማለት ምን ያቅታል? በኋላም ማይክሮሶፍት በራሱ የሚስተካከል ነገር አይመጣም፣ ፓርቲሽናችሁን ራሳችሁ አስፉ አለ። ኮማንድ አይታ ለማታውቅ እናት ነው እንግዲህ ይሄ የሚባለው። እኔ የምር የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ መቶ ሚሊዮኖች የሚጠቀሙበት ነገር ላይ አንድ ሰው የሚገባው ዓረፍተ ነገር መፃፍ እንዴት ያቅታል!

ቂሜን ካነሳሁት አይቀር፣ በፈረንጆቹ 2015 እኮ አንድ የማይክሮሶፍት ባለሙያ መድረክ ላይ ወጥቶ ዊንዶውስ 10 የመጨረሻው ዊንዶውስ ነው ብሎ ነበር። አመንን። በኦክቶበር 2021 ዊንዶውስ 11 መጣ። ኦክቶበር 14፣ 2025 ላይ የ10ሩ መደበኛ ድጋፍ አከተመ። 11ዱ ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ከሌለህ አትምጣብኝ ይላል፣ ብዙ ማሽን ላይ እኮ አለ፣ ባዮስ፣ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚገባበት ማስተካከያ፣ ውስጥ ተዘግቶ ተቀምጦ ነው እንጂ፣ ከፍቶ ማብራት ነው። ይሄንን የሚነግር ግን የለም፣ «ኮምፒውተርህ አርጅቷል፣ አዲስ ግዛ» ነው ምክሩ። ፎርማትን የሚያስንቅ ምክር!

ምን ልል ነበር? አዎ፣ አፕዴቱ። በአፕዴት በኩል አልሆን ካለ ወደ አዲሱ ቨርዥን በሌላ በር ይገባል። የአይኤስኦ ፋይሉን፣ ሙሉ ዊንዶውስ መጫኛው በአንድ ፋይል የታሸገበትን፣ ከማይክሮሶፍት ድረ ገፅ አውርዶ፣ ዊንዶውሱ ተከፍቶ እያለ ሴታፑን ማስነሳት ነው። የሲስተሙን ፋይሎች በአዲስ ይተካቸዋል፣ የእናንተ ፋይልና ፕሮግራም ካለበት አይነቃነቅም፣ የተበላሸው አፕዴትም ብዙ ጊዜ አብሮ ይድናል። ባክአፕ ያው መያዝ ነው። ካልተስማማችሁም በ10 ቀን ውስጥ ወደ ድሮው መመለስ ትችላላችሁ። ገና ሲጀምር «አፕዴት ላውርድ?» ይላችኋል፣ እምቢ ያለው እሱ ሆኖ እያለ! አሁን አይሁን በሉት። ቀጥሎ ምን ይቅመጥ ሲል ፋይሎችና አፖች የሚለውን ምረጡ። እሱ ደብዝዞ አልመረጥ ካለ ያወረዳችሁት ፋይል ኤዲሽኑ (ሆም ወይ ፕሮ የሚባለው ዓይነቱ) ወይ ቋንቋው ኮምፒውተሩ ላይ ካለው አልገጠመም ማለት ነው። ሁለቱም እንግሊዝኛ ነው ብላችሁ እንዳትከራከሩ፣ የአሜሪካው ለብቻ ነው፣ ኢንተርናሽናል የሚሉት ለብቻ ነው፣ አይተዋወቁም። እንግሊዝኛና እንግሊዝኛ ተኳርፈው እናንተ ከ5 ጊጋባይት በላይ እንደ አዲስ ታወርዳላችሁ።