ማስተካከያ፦ ስለ ሞተር ሳይክል መሪ ንዝረትና ስለ መከላከያ ብረት

ለጅማ ሞተረኞች ቀደም ሲል በተሰጠው ማብራሪያ፣ በመሪው ሁለት ጫፎች ላይ ክብደት ማሰር ንዝረትን ሙሉ በሙሉ እንደሚያጠፋ፣ ሞተር ሳይክሉ ሲወድቅ ከጉዳት የሚጠብቀው የመከላከያ ብረትም ከሻንሲው (ከዋናው የብረት አካል) ጋር ቢበየድ የተሻለ እንደሆነ ተገልጾ ነበር፤ ሁለቱም እንደሚከተለው ይታረማሉ።

ክብደቱ ንዝረትን አያጠፋም። መሪው ይበልጥ የሚንቀጠቀጥበትን የሞተር ዙር ዝቅ ስለሚያደርገው፣ አሽከርካሪው ዘወትር በሚነዳበት ፍጥነት እጁ ላይ የሚሰማው ንዝረት ሊቀንስ ይችላል፤ ክብደቱ ከላላ ግን ራሱ መንኳኳት ይጀምራል። በቅድሚያ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የያዙት ቡሎኖች መጥበቃቸው ይታይ፤ እነሱ ላልተው ሳለ ክብደት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ከኮብልስቶን መንገድ የሚመጣው መንገጫገጭ ደግሞ የጎማ አየርና የሾክ ጉዳይ ነው።

መከላከያ ብረቱ በቡሎን መታሰር እንጂ መበየድ የለበትም፤ የብየዳው ሙቀት ሻንሲውን ሊያዳክመው ይችላል፣ ሞተር ሳይክሉ ሲወድቅም ተጣሞ በቀላሉ መቀየር የሚገባው ብረት ሻንሲውን ይዞ ሊያጣምም ይችላል። የፍሬንና የፍሪሲዮን ማንሻዎች መያዣም ከልክ በላይ አይጥበቅ፦ በሚነዳበት ጊዜ ከቦታው የማይነቃነቅ፣ ሞተር ሳይክሉ ሲወድቅ ግን በመሪው ላይ መዞር የሚችል ሲሆን፣ ማንሻው ከመሰበር የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ማብራሪያው ያላነሳው አንድ ነገርም አለ፤ በክረምት የጅማ ቀይ አፈር ሲርስ የጎን ማቆሚያው እየሰመጠ የቆመ ሞተር ሳይክል ስለሚጥል፣ ከሥሩ ጠፍጣፋ ብረት ወይም ቁራጭ ጣውላ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።